የፈለቀች ፊት

በቃሊቲ የቢራ ዳኞች ማኅበር ፈተና ወድቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህም ለብዙ ዓመት የማኅበሩ ኩራት ሆኖ ኖሯል። ከሀይረዲን የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ በላይ፣ በተከራዩት አዳራሽ በረንዳ ላይ የተሰቀለው ባነር ሳይቀር «መቶ በመቶ አሳላፊ!» ይል ነበር። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ባነሩ ይርገበገባል፤ በቃሊቲ ደግሞ ከባድ መኪና የማያልፍበት ጊዜ ስለሌለ ጽሑፉን አንብቦ ለመጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚጥል ፈተና ማን ይወዳል? «ኧረ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የቢራ ዳኛ ምን ይሠራል ለሚል ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ጠማቂዎች ሲወዳደሩ ተቀምጦ ይቀምሳል፤ የቱ እንደኮመጠጠ፣ የቱን ፀሐይ እንደመታው፣ የቱ ለወርቅ እንደሚበቃ ይፈርዳል። ለዚህ ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። ዘመኑ የብቃት ማረጋገጫ ዘመን ነበር። ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ፀጉር ሠሪዋ ሳይቀሩ ወረቀት አምጡ በሚባሉበት ጊዜ ቢራ ቀማሹ ምን ቆርጦት ይቀራል?

የማኅበሩ የፈተና ኃላፊ አሻግሬ ይባላል። ዕድሜውን የፈጀው አንድ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ፣ ቆዳ ከሚዘፈዘፍበት ጉድጓድ ዳር ቆሞ ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ እጁ ላይ የቀረው ጡረታና የተላጠ ቆዳ ብቻ ነበር። ያኔ ማኅበሩ ተቋቋመ፤ አሻግሬም ከመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች ጋር ተቀምጦ አለፈ፣ ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። ማረሚያ ቤት እስረኛ ሊጠይቁ የመጡ እናት «ዳኛው፣ እንደምን አደሩ!» ሲባል ሰምተው የልጃቸውን ጉዳይ ሊያስረዱት እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ተከትለውት ያውቃሉ። አሻግሬ የቢራ ዳኛ መሆኑን ነገራቸው እንጂ አላባረራቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ የነገራቸው ታክሲ ተራው ከደረሱ በኋላ ነው።

ጉዱ የፈላው አዳማ ላይ ነው። የቀላል ባቡሩ ለሙከራ ባዶውን በሚመላለስበት በዚያ ዓመት አዳማ ላይ የጠማቂዎች ውድድር ተዘጋጀና ከቃሊቲ ማኅበር አምስት ዳኞች ተጋበዙ። አሻግሬ ለቅሶ ነበረበትና ቀረ፤ እስከ ዛሬ ለዚያ ሟች «ነፍስ ይማር» የሚለው ከልቡ ነው። አዘጋጆቹ ዳኞቹን ለመፈተን ብለው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ አቼቶ ጠብ የተደረገበት ቢራ ከሌሎቹ መሃል ሰተት አድርገው አስገቡ። የቃሊቲ ዳኞች ቀመሱ። ቀና ብለው ቀጂውን አዩ። ቀጂው አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ነበር። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ በአንድ ድምፅ ወርቁን ለዚያ ጉድ ሰጡት። ዋንጫውን ወጥቶ የሚቀበል ጠማቂ ሲጠፋ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ማኅበሩ እንደ ዘመኑ ወግ ግምገማ ተቀመጠ። መድረኩን የያዘው ጸሐፊው ብሩህ ነው። ብሩህ ልቡ ንጹሕ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከካይዘን ሥልጠና በተመለሰ ቁጥር አዲስ ቃል ይዞ የሚመጣ ጎልማሳ ነበር።

«ወገኖች፣ የፈተናችን ማነቆ ምንድነው?» ሲል ጠየቀ።

አንዱ «የአመለካከት ችግር ነው» አለ። ሌላው «የግብዓት እጥረት ነው፣ ለልምምድ የሚሰጠን ቢራ አይበቃም» አለና ሞቅ ያለ ጭብጨባ አገኘ። አዳማ የሄዱት አምስቱ ተራ በተራ ተነስተው ግለ ሂስ አደረጉ፤ ሁሉም በራስ የመተማመን ጉድለት እንደነበረባቸው አመኑ። አንዳቸውም ግን ስለ ምላሳቸው አላነሱም።

በመጨረሻ ጋሽ መገርሳ ተነሱ። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ፣ ቃላቸው እንደ ፊሽካ የሚከበር አዛውንት ናቸው።

«ፈተናው ይሻሻል» አሉ። «ሲሻሻልም ወረቀት ያለን ሁላችን እንደገና እንፈተን። ከላይ ይጀመር። መጀመሪያ አሻግሬ።»

ሁሉም አጨበጨበ። አሻግሬም አጨበጨበ፤ ከሁሉም ቀድሞ ያቆመው ግን እሱ ነው።

ምክንያቱም የአሻግሬ አፍንጫ አይሠራም። የቆዳ ፋብሪካው የኬሚካል ሽታ ቀስ በቀስ በልቶት፣ ከሥራ የወጣ ዕለት አሻግሬ ሎሚንና ናፍጣን በሽታ መለየት አይችልም ነበር። አፍንጫ ከሌለ ደግሞ ምላስ ብቻውን ብዙ አይራመድም። ቢራ ለእሱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚለው የለውም። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ወረቀቱ ከግድግዳው ከወረደ «ዳኛው» የሚለው ስም አብሮ ይወርዳል፤ ያ ስም ከሄደ ደግሞ የሚቀረው ከጉድጓዱ ዳር የነበረው ሰውዬ ነው።

ታዲያ ያኔ እንዴት አለፈ? በፈለቀች ፊት።

ፈለቀች ሚስቱ ናት። ማኅበሩ ሲቋቋም ጠላ ሸጣ የምታውቅ፣ እጇ ንጹሕ ሴት ይፈለግ ተባለና የፈተናው ቀጂ ሆነች። ነጭ ጋወን ለብሳ አራት ጆግ ይዛ ትመጣለች፤ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ የተበላሸ ነው። የተበላሸው ስንተኛው እንደሆነ ለይቶ የጻፈ ያልፋል። ቢራ በጠርሙሱ ቢሆን ቆርኪው ሲከፈት ስለሚታይ ማንም «ቅመሽልኝ» አይልም። በጆግ ተቀድቶ የመጣ ነገር ግን የጠላ ቤት ወግ አለበት፦ ቀጂዋ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ካልቀመሰች ማንም ወደ አፉ አያስጠጋም። ስለዚህ ፈለቀች ከእያንዳንዱ ጆግ ትቀምሳለች፤ ደህና ከሆነው ስትቀምስ ፊቷ ዝም ይላል፣ የተበላሸው ላይ ስትደርስ ግን ግንባሯ ይጨማደዳል፣ አፍንጫዋ ይሰበሰባል፣ አንድ ዓይኗ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ፈተና ጀምሮ ቃሊቲ ውስጥ የሚፈተነው ቢራው ሳይሆን እሷ ነበረች።

አሻግሬ ይህን እያወቀ፣ የማሻሻያውን ሥራ ከማይነካው ዳር ጀመረው። የጽሑፉን ፈተና አከበደ። ስለ ገብስ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ አረፋ ጥያቄ ጨመረ። ሁሉም አለፈ፤ «መ. ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለው ምርጫ ብዙ ጊዜ ትክክል እንደሆነ ከተረዱ ጊዜ ጀምሮ የሚያቆማቸው አልተገኘም። ከዚያ የቅምሻው ሙከራ ተደረገ፤ ብሩህ በስልኩ ሊቀርጽ ጥግ ላይ ቆመ። ሁሉም እንደገና አለፈ። ብሩህ ቀረጻውን ደጋግሞ ካየ በኋላ አሻግሬን በክንዱ ይዞ ወደ በረንዳው ወሰደው።

«ጋሼ፣ አንድም ሰው ብርጭቆውን አያይም እኮ! ሁሉም የሚያየው እትዬ ፈለቀችን ነው!»

«እንዴ!» አለ አሻግሬ። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ የደነገጠ መስሎ አያውቅም።

ብሩህ ማነቆውን አገኘሁ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። መጀመሪያ ፈለቀች ሳትቀምስ እንድትቀዳ ተደረገ። ጋሽ መገርሳ ብርጭቆውን በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«ማን ቀምሶት?»

«ጋሽ መገርሳ፣ ፈተና ነው እኮ» አለ ብሩህ።

«ፈተና ሲሆን ሰው አይሞትም?»

ሌሎቹም ብርጭቆአቸውን ገፉ። ቀጥሎ መጋረጃ መጣ፤ ፈለቀች ከኋላው ሆና እንድትቀምስ። «መቅመሷን ማን አየ? ደግሞ ከመጋረጃ ኋላ የሚቀመስ ነገር ምን ቢሆን ነው?» ተባለና መጋረጃው በመጣበት እግሩ ተመለሰ። አፏን በነጠላ ሸፈነች፤ ዓይኗን አነበቡ። ጥቁር መነጽር አደረገች፤ ትከሻዋን አነበቡ። ጀርባዋን ሰጥታ ቀመሰች። ያን ዕለት መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ «ተረከዟ ሲነሳ እሱ ነው» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ፣ ሁሉም አለፈ። ብሩህ ፀጉሩን ነጨ።

መፍትሔው የተገኘው ከታች፣ ከሀይረዲን ሱቅ ነው። ሀይረዲን ሙስሊም ነው፤ ቢራው ቀርቶ ሽታው ባለበት ደረጃ ላይ አይወጣም። ጆግና ኩባያ ግን ይሸጥላቸዋል። ብሩህ ኩባያ ሊገዛ ወርዶ ሲያማርር ሀይረዲን ሰማውና ሳቀ።

«እናንተ የምትፈልጉት ፊት የሌለው ሰው ነው» አለው። «እሱማ አለ። እትዬ ድንቅነሽን አታውቃቸውም?»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ፣ ለእስረኛ የሚገባ ምግብ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ወጉ ይታወቃል፤ ምግብ ያመጣ ጠያቂ ከፊታቸው ቆሞ ካመጣው ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ሀይረዲን ለጠያቂዎች የምሳ ዕቃ ሲሸጥ እዚያው ደጅ ላይ ስለሚውል ሁሉንም አይቷል። «ቅመሽ» ይላሉ እትዬ ድንቅነሽ። የመጣው ክትፎ ይሁን ሽሮ፣ ጠያቂዋ ታልቅስ ትሳቅ፣ የእሳቸው ፊት ያው ነው። «ቀጥሎ» ይላሉ።

ተለምነው መጡ። ብሩህ ደህናውን ቢራ ሰጣቸው፤ ቀመሱና «ቀጥሎ» አሉ። ጣሪያ ላይ የከረመውን ሰጣቸው። «ቀጥሎ።» ልቡ አላምን ብሎት ንጹሕ አቼቶ በኩባያ አቀረበላቸው። ጎንጨት አደረጉ፣ ዋጡ፣ ኩባያውን አስቀመጡ። «ቀጥሎ።» ብሩህ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ስታንዳርድ!» አለ፤ «ይሄ ነው ስታንዳርድ ማለት!»

ለፈለቀች ነገሩን የነገራት ራሱ ብሩህ ነው፣ «የአሠራር ለውጥ» የሚል ስም ሰጥቶ። ፈለቀች አልተከራከረችም። ጋወኗን አውልቃ አጣጠፈች፣ ሰጠችው፣ ወጣች። ቤት ውስጥም ዝምታ ገባ። «ብላ»፣ «በሩን ዝጋ»፣ «ውኃ መጥቷል» ከማለት ውጭ ቃል አይወጣትም። አሻግሬ ሁለት ፍርሃት አንድ ላይ ተሸከመ፤ አንዱ የፈተናው ቀን፣ ሌላው ይህ ዝምታ። የትኛው እንደሚከብድ ቢጠየቅ መልሱ አይጠፋውም ነበር።

የፈተናው ዋዜማ እሑድ ነበር። ምሳ ቀርቦ እያለ አልቻለም።

«ፈለቁ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ለምን እቀየማለሁ? ፊቴ ጥፋተኛ ነው ተባለ፣ ተባረረ። አለቀ።»

«ያው ፊትሽ ምንም መደበቅ ስለማይችል ነው እኮ…»

ፈለቀች የጎረሰችውን ውጣ ትክ ብላ አየችው።

«የኔ ፊት ነው መደበቅ የማይችለው? እናቴ የሞተች ቀን ለቀስተኛው 'ይቺ ሴት ድንጋይ ናት' ሲል ሰምተህ አይደል? አሻግሬ፣ የበሰበሰ ጠላ ቀምሼ ለደንበኛ እየሳቅኩ ነው ያደግኩት። የመጀመሪያው ፈተና ቀን አራቱንም ቀምሰህ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ቀና ብለህ አየኸኝ። ያኔ ነው የተበላሸውን እንደገና ቀምሼ ፊቴን ያጨማደድኩት። ለአንተ ነው። ሌላው ሁሉ በአንተ ትከሻ ነው ያለፈው።»

አሻግሬ ሊጎርስ ያነሳውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ።

«ታውቂ ነበር?»

«አፍንጫህን? ወጥ አርሮ ጎረቤት እሳት ተነሳ ብሎ ሲጮህ፣ አንተ እኮ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠህ ጋዜጣ ታነብ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ፈለቀች ዓይኗን ወደ ሳህኑ መለሰች። «'ዳኛው' ሲሉህ አካሄድህ ይቀየራል» አለች። «እሱን ማየት ደስ ይለኛል።»

አሻግሬ አፈረ። ያፈረው ከእሷ አልነበረም፤ ያፈረው ይህን ያህል ዓመት አጠገቡ ተቀምጦ የነበረውን ነገር ሳያይ በመኖሩ ነው። ፊቷን አንብቤ ጨርሻለሁ ይል ነበር፤ አንድም ቀን እንዳላነበበው ያን ዕለት ገባው።

«ነገ እመጣለሁ» አለች ፈለቀች ሳህን እያነሳች። «ከመስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ድንቅነሽ ይቅዱ፣ አንተ እኔን እይ።»

«አትቀምሺውም እኮ። በምን ታውቂዋለሽ?»

«ከአረፋው አውቃለሁ። ዝም ብለህ እይ።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፈለቀች እንዳለችው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። የተበላሸው በስንተኛው ጆግ እንደሚሆን ብሩህና እትዬ ድንቅነሽ ጓዳ ገብተው ዕጣ አውጥተዋል፤ ከሁለቱ ውጭ የሚያውቅ የለም፤ እትዬ ድንቅነሽ ማወቅ አለማወቃቸው ደግሞ ከፊታቸው አይገኝም። በብርጭቆ ፋንታ ከሀይረዲን የተገዛ ጥቁር ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ቀርቧል። አሻግሬ ብቻውን መሃል ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ድንቅነሽ በመዳፋቸው ቀምሰው የመጀመሪያውን ቀዱለት። ጠጣ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ። ወደ መስኮቱ አየ፤ የፈለቀች ፊት ዝም ብሏል። ሁለተኛው መጣ፤ ያው ቀዝቃዛ፣ ያው እርጥብ። ፈለቀች ዝም። ሦስተኛውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠና ትንሽ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ቀና አለ። የፈለቀች ግንባር ተጨማደደ፣ አፍንጫዋ ተሰበሰበ፣ አንድ ዓይኗ ጠፋ። አራተኛውን ለይስሙላ ተጎነጨና ወረቀቱ ላይ «ሦስተኛው» ብሎ ጻፈ።

ብሩህ ወረቀቱን አነበበ፣ እትዬ ድንቅነሽን አየ፣ እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ትክክል! አልፈዋል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አሻግሬም ፈገግ አለ። ተርፏል። ወረቀቱም ስሙም ተርፈዋል። እጁ ላይ ያለውን ኩባያ ሊያስቀምጥ ዝቅ ሲል ግን ዓይኑ እሱ ላይ ቀረ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ከአፉ ላይ ካልሆነ በቀር ውስጡ ያለው አይታይም። ከመስኮቱ ሥር ሆኖ አረፋ ማየት ቀርቶ ውስጡ ቢራ ይኑር ቡና ማወቅ አይቻልም።

ፈለቀች አላወቀችም። ገምታ ነው።

ያን ሁሉ መጋረጃ፣ መነጽር፣ ያን ሁሉ ግምገማ አልፎ፣ የተሻሻለውን ፈተና ያለፈው አንዲት ያልቀመሰች ሴት በጣለችው ግምት ነው። ከአራት አንዱን መገመት ማን ያቅተዋል? ከእሱ በኋላ የሚገቡትም ይገምታሉ፤ የሚሳካለትም አይጠፋም፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ አዳማ። ይህ ሁሉ ቢሆንም አሻግሬ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር፤ ጻድቅ ሰው አልነበረምና። ያልቻለው ሌላውን ነው። ፈለቀች በሚቀጥለውም ፈተና፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ ዕድሜዋን በሙሉ እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ ፊቷን ስታጨማድድለት ታየው። ተነሳ።

«ብሩህ፣ ፈተናው አልተሻሻለም።»

«ጋሼ፣ አልፈዋል እኮ!»

«ችግሩ እሱ ነው። እኔ አፍንጫ የለኝም።» ድምፁ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ከዚያ እየጠነከረ መጣ። «ከፋብሪካው ጀምሮ የለኝም። ቢራን ከውኃ የምለየው በአረፋው ነው፤ ዛሬ ኩባያው እሱንም ከለከለኝ። እኔ ካለፍኩ ይሄ ፈተና የሚጥለው ማንን ነው?»

ጋሽ መገርሳ ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ሦስተኛውን በምን አወቅከው ታዲያ?»

«ገምቼ ነው።»

«ገምተህ?»

«አዎ፣ ገምቼ።»

ጋሽ መገርሳ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ተመልሰው አሻግሬን አዩ። ከኋላ በኩል አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላው ተከተለው፣ ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ያልሳቁት አዳማ የሄዱት አምስቱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያዩ ነበር። ብሩህ ባነሩን አስቦ ይሁን ካይዘኑን፣ ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

«ይሄን ሰው ስቀን የምንሸኘው አይደለም» አሉ ጋሽ መገርሳ ሳቁ በረድ ሲል። «ወረቀቱን ይመልሳል፤ እሱ ሕግ ነው። ግን ከእንግዲህ ማንኛውም አዲስ ፈተና መጀመሪያ ለአሻግሬ ይሰጥ። እሱ ካለፈ ፈተናው ይጣል። እሱ ከወደቀ ያኔ ለእኛ ይምጣ።»

በጭብጨባ ጸደቀ፤ ብሩህም ነፍስ ዘርቶ መዘገበው። ከዚያ ወዲያ አሻግሬ እየወደቀ ፈተናውን አስተካከለ። ግምት ሲያሳልፈው የተበላሹት አንዳንድ ጊዜ ሁለት፣ አንዳንድ ጊዜ ምንም እንዳይኖር ተደረገ። አሁንም በዕድል ሲያልፍ፣ ተፈታኙ የተበላሸውን ቢራ ምን እንደነካው በአፉ እንዲናገር ተወሰነ። ያኔ አሻግሬ በክብር ወደቀ። የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መውደቅ ጀመሩ፤ ባነሩም ወረደ። አዳማዎች በዓመቱ ማኅበሩን እንደገና የጠሩት ከወደቀ በኋላ ተለማምዶ ያለፈ ሰው ካላችሁ ብለው ነው።

በዚያ ሰኞ ግን ወረቀቱን ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዶ ወደ አዳራሹ ተመልሶ ሲሰጥ አመመው። መዋሸት አያስፈልግም፤ አመመው። አስረክቦ ሲወጣ ፈለቀች ከደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀው ነበር። ጎን ለጎን በመንገዱ ዳር ሄዱ፤ ከበላያቸው ባዶው ባቡር አለፈ።

«አልፈን ነበር እኮ» አለች።

«ሦስተኛውን እንዴት መረጥሽው?»

«አልመረጥኩትም። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እጅህ ተንቀጠቀጠ። አሳዘንከኝ። ሌላ ምን ላድርግ?»

መንገድ ላይ ባይሆን ኖሮ አሻግሬ ያለቅስ ነበር፤ መንገድ ላይ ስለሆነ ክንዷን ይዞ ከፊታቸው ካገኘው ድራፍት ቤት አስገባት። ሁለት አዘዘ። መጣ። ፈለቀች ቀመስ አድርጋ እንደ ልማዷ ቀና ስትል፣ እሱ እጁን አንስቶ አስቆማት።

«ፊትሽን ተይው» አላት። «በአፍሽ ንገሪኝ። ምን ምን ይላል?»

ፈለቀች ግራ ገባት። ዕድሜዋን ስትቀዳና ስትቀምስ ኖራ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እንደገና ተጎነጨች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«መጀመሪያ ገብስ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አሁን የተቆላ፣ ገና ያልበረደ ገብስ። ከዚያ መረር ይላል፤ እንደ ጌሾ ሆኖ ግን ከጌሾ ቀለል ያለ። ከዚያ ይጠፋል።»

«ይጠፋል?»

«ይጠፋል። ሰው ደጋግሞ የሚጎነጨው ለዚያ አይደል?»

አሻግሬ ብርጭቆውን አነሳና ጠጣ። አፉ ውስጥ ያዘው።

«አሁን የት ደረስኩ?» አለ፣ ገና ሳይውጥ።

«ገና ገብሱ ላይ ነህ» አለችው። «ቀስ በል።»